ክርስትና ሳትነሣ የተሣለችው ልጄ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ደብረ ታቦር

ሠዓሊው ጓደኛዬ ይበልጣል ትናንት አራስ ሊጠይቅ መጥቶ ልጄን በእርሳስ ሣላት። ግሩም ሥዕል ነው፤ ይዞት ሄደ። እኔ ከተወለደች ወዲህ አንድ መስመር ስላልጻፍኩ ቅናቴን ዋጥ አደረግሁ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጡት እንቢ አለች።

አማቴ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገሩም። «ክርስትና እንኳ ሳትነሣ መልኳን ለሰው ትሰጣለህ? ሂድና አምጣው!»

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ እንዲህ ያለውን እምነት ለተማሪዎቼ የምተነትነው ፈገግ እያልኩ ነው። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ሐኪሙ አፍንጫዋ በጉንፋን ስለታፈነ ነው አለኝ። አመንኩት። ልጅቷን ቤት አድርሼ በቀጥታ ይበልጣል ዘንድ ሄድኩ።

«አንተም?» ብሎ ሳቀብኝ።

«እኔማ ምን ቸገረኝ፤ አማቴ ናቸው እንጂ።»

ሥዕሉን ለአማቴ አላሳየኋቸውም። ማንም ሳያየኝ ከልጅቷ ፍራሽ ሥር አደረግሁት። ጡት ገና አልያዘችም።