የማክሰኞው ጨርቅ

ሐሙስ፣ የካቲት 4

የወደቡን ሁለት ጣውላ ቀየርኩ። ወደብ ማለቴ ለክብሩ ነው እንጂ አሥራ አራት ጣውላና አንድ ምሰሶ ነው። ከዚያ ጨርቁን አጠብኩ። ባለቤቴ “ለሸሚዝህ እንዲህ ብትጨነቅ ኖሮ ሰው ትመስል ነበር” አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ሸሚዜን ማን ያየዋል? ጨርቁን ካፒቴኑ ያየዋል። ማክሰኞ ጠዋት ምሰሶው ላይ ነጭ ጨርቅ ካለ መርከቡ ይቆማል። ከሌለ ወደ ትልቁ ደሴት ቀጥ ብሎ ያልፋል። የሚሳፈር ሰው ሰኞ ይነግረኛል፣ ማክሰኞ እሰቅላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ በዚህ ሥራ።

ካንዴላ የባለ ሱቋን የጀልባ ሞተር ስትፈታ ዋለች። የመጨረሻ ልጄ ናት። ገና ስትድህ የሞተር ካንዴላ አፏ ውስጥ ተገኘ፣ ስሟ በዚያው ቀረ። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። እዚህ ደሴት ላይ ያለ ሞተር ሁሉ የሚነሳው በእሷ እጅ ነው። ግራሶ በነካ እጇ ዳቦ ልትቆርስ ስትል እናቷ ጮኸችባት። ሳቅን።

ሌላ ወሬ የለም።

እሑድ፣ የካቲት 7

ወሬ አለ።

ምሳ ላይ ተናገረች። ማዶ፣ ትልቁ ደሴት ላይ ያለው የሞተር ማሠልጠኛ ተቀብሏታል። ሁለት ዓመት። ለካ ከደሴታችን አስተማሪ ጋር ኮረብታው ላይ እየወጣች ስትደውል ከርማለች… ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ረቡዕ ቀርባ መመዝገብ አለባት።

“ማክሰኞ ልሂድ አባዬ?”

“ሂጂ እንጂ።”

ቶሎ አልኩ። በጣም ቶሎ። እናቷ ቀና ብላ አየችኝ። ወጥቼ ምንም ያልሆነውን የዶሮ ቤት በር ስጠግን ዋልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 8

ወሬው ደሴቱን አዳረሰ። ሠላሳ አንድ ቤት ነው፣ አሥራ ሁለቱ ተቆልፏል። ለማዳረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ባለ ሱቋ ከተፍ አለች። “ወንድሜ፣ ልጅቷ ከሄደች ሞተሩን ማን ሊያስነሳልን ነው? በመቅዘፊያ ልንሆን ነው እኔና አንተ፣ በዚህ ጉልበታችን?”

“ትመለሳለች።”

“ሁለቱስ ተመለሱ?”

ትልቁ ልጄ ለዓመት ብሎ ነው የሄደው፣ ስምንት ሆነው። እህቱ ደግሞ አምስት። ደህና ናቸው፣ አስተማሪው መልእክታቸውን ያመጣልኛል። ባለ ሱቋ የተናገረችው ከበዳት መሰለኝ፣ ስኳር ሰጥታኝ ሄደች። ክፉ ሴት አይደለችም።

አመሻሹ ላይ ካንዴላ መጣችና እንደ ማንም መንገደኛ ፊቴ ቆመች።

“ጌታዬ፣ ለነገ አንድ ተሳፋሪ አለዎት።”

“ሻንጣ?”

“አንድ።”

“ጠባይ?”

“በአባቷ የወጣች ናት፣ አስቸጋሪ።”

ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

እንዴት እንደምጽፈው…

ጨርቁን አንድ ሰዓት ላይ ሰቀልኩ። ካንዴላ ወደቡ ላይ ሻንጣዋን ቁጭ አድርጋ ተቀመጠችበት። እናቷ ስንቁን ረስታ ወደ ቤት ተመለሰች። እኔም ልርዳት ብዬ ተከተልኳት። ለአንድ ቋጠሮ ዳቦ ምን እርዳታ ያስፈልጋል?

ከደጃፋችን ምሰሶው ይታያል። ቀና ስል ነፋሱ ጨርቁን ምሰሶው ላይ ጠቅልሎታል፣ እንደ ጣት ፋሻ። ከሩቅ ምንም የተሰቀለ አይመስልም። ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። ነፋሱ ራሱ ይፈታዋል አልኩ በልቤ። ቆምኩ። ካንዴላ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ወደ ቤት አየች። እናቷን የምትፈልግ መሰለኝ። ያኔም አልተንቀሳቀስኩም። መርከቡ ከአፋፉ ጀርባ ብቅ አለ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ።

ስንደርስ አላለቀሰችም።

“አለፈ” አለች።

“ነፋሱ ነው” አልኩ።

የሰማ ሁሉ ነፋሱ ነው አለ። ባለ ሱቋ የፈጣሪ ፈቃድ ነው አለች። አንድም ሰው አልወቀሰኝም። ሁልጊዜ የጨርቁን ታችኛ ጫፍ በሲባጎ አስረዋለሁ። ዛሬ አላሰርኩም። ረስቼ? እንጃ። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ… አይቼዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽም።

ረቡዕ፣ የካቲት 10

አስተማሪው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ደወለላት። እስከሚመጣው ረቡዕ ይጠብቋታል፣ ከዚያ ቦታዋን ለሌላ ይሰጣሉ። ደስ አለኝ። ፈራሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 12

ካንዴላ ካቻቢቴ አስጨበጠችኝ።

“ና፣ ሞተር ላስተምርህ።”

“እኔን? በዚህ ዕድሜዬ?”

“ከአንተ የተሻለ ሥራ ፈት የት አገኛለሁ? በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትሠራው።”

ከሰዓቱን ሙሉ የባለ ሱቋን ሞተር ስንፈታ ስንገጥም ዋልን። አንድ ብሎን ውሃ ውስጥ ጣልኩ። “አትታገለው አባዬ፣ ቀስ በል” እያለች እጄን በእጇ ይዛ አዞረችው። እጇ ሻካራ ነው። መቼ እንዲህ ሆነ? አጠገቧ ሆኜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። “ካርቡራተሩ የቱ ነበር?” ብዬ ዘጋሁት። ፈሪ።

እሑድ፣ የካቲት 14

ነገርኳት።

ወደቡ ላይ እግሯን ወደ ውሃው አንጠልጥላ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“አይቼው ነበር” አልኩ።

“ምኑን?”

“ጨርቁን። ሲጠቀለል። ከደጃፍ ሆኜ አይቼ ዝም አልኩ። እንዳትሄጂብኝ ብዬ።”

ከጣውላው ስንጥር ነቅላ ውሃው ላይ ጣለች። ምነው በሰደበችኝ አልኩ።

“እኔም አይቼዋለሁ አባዬ። አራት እርምጃ ነበር። ተነስቼ ልፈታው እችል ነበር።”

“ታዲያ?”

“ዞር ስል ደጃፍ ላይ ቆመሃል። መጥቶ ከፈታው እሄዳለሁ፣ ካልመጣ እቀራለሁ አልኩ።”

ልጄ የወደፊት ሕይወቷን ሁሉ እጄ ላይ ጥላው ነበር፣ እኔ ደግሞ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆሜያለሁ።

“አሁንስ?” አልኳት።

“አሁን አልጠብቅህም። ማክሰኞ ራሴ እሰቅለዋለሁ።”

ከዚያ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። እንደ ድሮው። ትከሻዬ ደነዘዘ፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 15

ለባለቤቴም ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም።

“አውቃለሁ። አጠገብህ ቆሜ አልነበር?”

“አይተሻል?”

“ስንቁንስ የረሳሁት እውነት መሰለህ? አንተ ሰውዬ!”

ሦስት ሰው በአንድ ነፋስ ስናመካኝ ሰነበትን። መሳቅ ጀመርን። የካንዴላን ስንቅ ዛሬ በጠዋት ቋጥራ በር ላይ አስቀምጣዋለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 16

ሄደች።

ጨርቁን ራሷ ሰቀለች። ሲባጎውን ሁለቴ ቋጠረችው። እኔ ሻንጣውን ብቻ ያዝኩ። መርከቡ ቆመ። እናቷ ፀጉሯን፣ ኮሌታዋን፣ እንደገና ፀጉሯን አስተካከለችላት። ካንዴላ “በቃ እማዬ፣ ካፒቴኑ ሊያገባኝ አይደለም እኮ” አለች። እኔን ስታቅፈኝ አንድ ነገር ልላት አስቤ ነበር፣ ጠፋኝ። “አትታገይው፣ ቀስ በይ” አልኳት። ከእሷ የተማርኩት እሱን ብቻ ነበር።

ከሰዓት ባለ ሱቋ መጣች። ሞተሯ አልነሳም ብሏል። ካቻቢቴውን ይዤ ሄድኩ። ካንዴላውን ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ገጠምኩ። አንዴ ሳብኩ፣ እምቢ። ሁለቴ፣ እምቢ። በአራተኛው ተንደቅድቆ ተነሳ። ባለ ሱቋ እልል አለች። እኔ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ደንግጣ አየችኝና እንደ ልማዷ ልትሸፍንልኝ ፈለገች።

“ጭሱ ነው ወንድሜ፣ የዚህ ሞተር ጭስ ዓይን ያቃጥላል።”

“ጭሱ አይደለም” አልኳት። “ልጄ ሄዳብኝ ነው።”

የጀልባው ጠርዝ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ሞተሩን ሳናጠፋው ብዙ ቆየን።