እማማ የሺሀረግ የቆሙለት ግጥም

ፈሪዳዬ፣ ቡታጅራ እንዴት ናት? እኔ አዲስ አበባ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እህቴ ቤት ነኝ፤ ይህችን ፖስት ካርድ የምጽፍልሽ ከዚሁ ነው። ዛሬ ከሰዓት ግቢው አዳራሽ ውስጥ ፋዮ የምትባል ገጣሚ ግጥሟን አነበበች። ስለ ባሏ ነው፤ ደክሞት ሲተኛ አንገቱ ሥር ፊቷን ቀብራ ፈጣሪዋን እንደምታመሰግን። ወላሂ፣ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ነበር! እኛ እኮ ባላችንን «የልጆቹ አባት» እንላለን እንጂ ስሙን እንኳ አንጠራም።

ግጥሙ መሃል ሲደርስ እማማ የሺሀረግ የሚባሉ የእህቴ ጎረቤት ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። ሰውም ተከትሏቸው ቆመ። እህቴ ደንግጣ፣ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ጸሎት አይደለም እኮ፣ ስለ ባሏ አንገት ነው» አለቻቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ ሳይቀመጡ። «አንገቱን የሠራው ማን ሆነና?»

ፋዮ አንብባ ስትጨርስ ሰው ማጨብጨቡን ረስቶ «አሜን» አለ። እኔም ብያለሁ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቼን ሳሚልኝ። ካርዱን ለባሌ፣ ለረሻድ አሳዪልኝ። አዎ፣ በስሙ ጻፍኩት፤ ይየው።

ነስሪን