ለሦስቱ የመሠረት ድንጋዮች ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ሙሉሃብት ደሳለ፣
የክልሉ ምክር ቤት አባልና የእኛ ተመራጭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ጥቅምት ጥርስዎን ለመታከም ከላሊበላ በአውሮፕላን መሄድዎን ሰምተን ተጨንቀን ነበር፤ አሁን ያለ ችግር እንደሚያላምጡ ስለተነገረን እግዚአብሔር ይመስገን ብለናል።

እኔ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ማዶ ባለው ቀበሌ የምኖር የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነኝ። የተማርኩት የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሌላ መጀመር በሚያስገርፍበት ዘመን ስለሆነ፣ ስለ ሥራ ዘመንዎ ያለኝን ምስጋና በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያው ምርጫ በእግርዎ መጥተው፣ ሽሯችንን በልተው፣ ለጤና ጣቢያችን የመሠረት ድንጋይ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። ድንጋዩ እስከ ዛሬ ብቻውን ነው።

፪ኛ. በሁለተኛው ምርጫ በመኪና መጥተው፣ የፊተኛውን ድንጋይ ሣር ውጦት ቢያጡት፣ ምንም ሳይከፋዎ ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብለው ሌላ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን።

፫ኛ. ሦስተኛውን ድንጋይ ከነእብነ በረዱና ከነስምዎ በማርሽ ባንድ ሲያስቀምጡ፣ ቅዱስ ላሊበላም እንዲሁ በአንድ ድንጋይ እንደ ጀመረ አስተምረውናል። ካህናቱ አንገታቸውን የደፉት በአክብሮት እንዳይመስልዎ። እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ከጣሪያ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው፤ የመሠረት ድንጋይ የላቸውም። ያለቁትም ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

፬ኛ. በምክር ቤቱ ስላሳዩት ትጋት። እጅዎን ሲያወጡ በቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ አይተናል። አፍዎን ሲከፍቱ ያየነው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እያዛጉ ነበር።

አሁን ደግሞ አራተኛውን ድንጋይ ለማስቀመጥ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን እንደሚመጡ ቀበሌው አስታውቆናል። ጎረቤቴ ባንቺዓለም የምትወልደው በዚያው ሳምንት ነው። ዐምና አሰለች የምትባለውን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ላሊበላ ሲወስዷት ሕፃኑ መንገድ ላይ ሞተ፤ እርሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። ባንቺዓለም ቀብሩ ላይ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ወሊድ ሲወራ ከቤት ትወጣለች።

ስለዚህ ከሦስት ምርጫ በኋላ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንጋዩን መልሰው ይውሰዱት፤ መኪናዋን ግን ከነሹፌሯ ባንቺዓለም እስክትገላገል ድረስ ይተዉልን። እርስዎ በእግርዎ መመለስ እንደሚችሉ በመጀመሪያው ምርጫ አይተናል።

ወገቤ በሚፈቅድልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣
አመተ ጊዮርጊስ ገብረ ዮሐንስ

ማስታወሻ፦ በዕለቱ መንገድ ዳር ወጥተን እንድናጨበጭብ ታዘናል። ጉልበት ያላቸው ወንዶች ግን የባንቺዓለም ባል ተክለ ሚካኤል ስለለመናቸው ለቃሬዛው ተራ ይዘዋል። ለጭብጨባ የቀረነው አሮጊቶች ነን፤ የእኔን እጅ ደግሞ ቁርጥማት ይዞታል። የምርጫ ወረቀት ለመያዝ ሁለት ጣት ስለሚበቃ፣ በዚያ በኩል አያስቡ።