የጋሼ አባስ ማር

ጥቅምት 12 ቀን 1931፣ መቱ

ሰባት ቁስል አጠብኩ። ለአዲሱ አስታማሚ ለታጁዲን ግን ዶቶሬው፣ ጣሊያኑ ሐኪማችን፣ የሽንት ማፍያውን ሥራ ሰጠው! ሽንቱ ከሰማያዊው መድኃኒት ጋር ፈልቶ ከቀላ፣ ሰውየው ስኳር አለበት። ይኸው ነው ጥበቡ። እኔ ከጣሊያን በፊት ጀምሮ እዚሁ ሆስፒታል አስታማሚ ነኝ... እሱ የመጣው በሰኔ! ቅናት ነው? አዎ፣ ቅናት ነው።

ጥቅምት 15

የእስላሞቹ ጾም ገባ። ጋሼ አባስ፣ የቡና ነጋዴው፣ በማለዳ መጡ። እንደ ወትሮው የስኳር መርፌያቸውን ወጋኋቸው። "ማር እንዳይቀምሱ!" አልኳቸው። ሳቁ።

ጥቅምት 17

ጠዋት የወጋኋቸው ጋሼ አባስ ሁሩሙ ገበያ ላይ ወድቀው ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ መጡ። ራሳቸውን ስተዋል፣ ላብ አጥምቋቸዋል። ዶቶሬው የለም። ታጁዲን ማር በቅል ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ነጠቅኩት።

"የስኳር በሽተኛ ናቸው! ልትገድላቸው ነው?"

"መርፌ ተወግተው ጾመው ነው የዋሉት! ስኳራቸው አልቋል፣ ደበሳ!"

እውነቱን እንደሆነ ገባኝ። ገባኝ እኮ! ግን አሁንም እሱ ሊመሰገን ነው... ቅሉን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። ሰው እየሞተ! ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ? ገፍቶኝ ከቅሉ በጣቱ ዝቆ ድዳቸውን ቀባ። ደግሞ ቀባ። ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ። "ያ ረቢ..." አሉ።

ዶቶሬው የገባው ያኔ ነው። ቅሉ በእኔ እጅ። "ብራቮ ደበሳ!" አለ። ታጁዲን ላባቸውን መጥረጉን ቀጠለ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ጥቅምት 18

ማፍያው የእኔ ሆነ። ታጁዲን ቁስል ያጥባል።

"ለምን አልተናገርክም?" አልኩት።

"ሰውዬው ድነዋል አይደል?"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህም በለጠኝ!

ጥቅምት 21

ጋሼ አባስ መጡ። በሰው ሁሉ ፊት፣ "ያዳንከኝ አንተ ነህ አሉ?" አሉኝ። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ... አልወጣልኝም።

"ያዳነዎት ታጁዲን ነው። እኔ ማሩን የነጠቅኩት ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "አፌ ተያዘ እንጂ ጆሮዬ ይሰማ ነበር። ከአንተ አፍ እስኪወጣ ነው የጠበቅሁት።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ዶቶሬው ይህን ሰምቶ ሊያባርረኝ ነበር፤ የለመኑልኝ እሳቸው ናቸው። ታጁዲን ከእንግዲህ መርፌው ከማፍጠሪያቸው፣ ማታ ጾም ከሚፈቱበት ምግብ፣ ጋር ይሁን አለ። አመሻሹ ላይ ልወጋቸው ቀረብኩ።

"እሱ ይውጋኝ፣ ልጄ" አሉኝ፣ በቀስታ። እጅጌያቸውን ለታጁዲን ሰበሰቡ።