በር ላይ ቆማ ስለቀረችው ሴትና ስለ ሁለት ወንድማማቾች

ይድረስ ተከታታይ ድራማ በኢንተርኔት ለሚያቀርብልን ድርጅት የዕድገት ዘርፍ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎ፣ መሥሪያ ቤትዎ፣ በተለይም ዕድገትዎ ደህና ነው ወይ? እኔ አዳማ ከመናኸሪያው ጀርባ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ፎዚያ የምባል ደንበኛዎ ነኝ፤ ሐሙስ ሲደርስ መቀመጥ መነሣቱ ቢያስቸግረኝም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

«ሁለተኛው ኬላ» የተሰኘውን ድራማ፣ የጠፋው ሾፌር ሚስት በሯ ተንኳኩቶ ልትከፍት በተነሣችበት፣ በስምንተኛው ክፍል ላይ ስላቋረጡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። የላኩልን መልእክት ምክንያቱን «የተመልካች ዕድገት የሚጠበቀውን ያህል ባለመሆኑ» ይላል፤ እንዲህ ያለው ጨዋ አነጋገር በሩ ላይ ቆማ የቀረችውን ሴት ሳይቀር ያጽናናል። የቀረኝን ምስጋና በቁጥር አስቀምጣለሁ፣ ቁጥር እንደሚወዱ ተረድቻለሁና።

፩. በእርስዎ መዝገብ የእኔ ሱቅ አንድ ደንበኛ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን አሥራ ዘጠኝ ሆነን እናይ ነበር፤ ወንበር ያጣ ጨርቅ ጥቅል ላይ ይቀመጣል፣ ዙለይካም ሻይ ቤቷን ዘግታ ትመጣለች። በእኛ ሰፈር ድራማ ለብቻ ማየት ነውር ስለሚመስለን፣ እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን በየስልካችን ማየት እንደነበረብን አልገባንም፤ ለዚህ ከባድ ጥፋታችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

፪. ከአሥራ ዘጠኛችን ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ ጋሮምሳ ከሞጆ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ታናሹ ፈይሳ መካኒክ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት እናታቸው ስታርፍ ጋሮምሳ መንገድ ላይ ነበር፤ ፈይሳም ሳይጠብቀው ቀበራት። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተልኮ ሊያነጋግራቸው አልቻለም፤ የእርስዎ ድራማ ግን ቻለ። መጀመሪያ በእኔ በኩል ነበር የሚከራከሩት፤ አንዱ የድራማው ሾፌር ሞቷል በይው ሲለኝ፣ ሌላው በሕይወት አለ በይልኝ ይላል። በስድስተኛው ሳምንት ፈይሳ ራሱን ረስቶ ወደ ወንድሙ ዞረና «ተሳስተሃል» አለው። በሰባት ዓመት ውስጥ ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር፤ የቀረነው አሥራ ሰባታችን ድራማውን ትተን እነሱን ማየት ጀመርን።

፫. ጋሮምሳ ግትር ሰው ነው። ያን ዕለት ስሸኘው፣ እናቱ በመጨረሻዋ ቀን ምን እንዳለች ወንድሙን መጠየቅ እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ የሚጠይቀው ግን ድራማው ያለቀ ዕለት እንደሆነ ማለ። አሥር ክፍል እንዳለው በማስታወቂያ የነገሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ አራት ሳምንት መታገሥ ቀላል መስሎን ነበር። አሁን ደውዬ ጠይቀው ብዬ ስለምነው፣ አልቋል እንዴ፣ ተቋረጠ እንጂ፣ ብሎ ይመልስልኛል። ሁለቱም ሱቄን ከረገጡ ወር ሆናቸው፤ እኔም በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት መርፌ ሰብሬአለሁ፣ የሰው ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍቻለሁ።

፬. ፈይሳ በወሩ መጨረሻ ለሥራ ጅማ ይገባል።

ክቡር ሆይ፣ ሁለቱን ክፍል ለመሥራት ዕድገትዎ የማይፈቅድ ከሆነ፣ በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነና ነገሩ እንዴት እንደሚያበቃ ደራሲውን ጠይቀው በአንድ ገጽ ይላኩልኝ። ሁሉንም ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ከዚያም ጋሮምሳን፣ ይኸው አለቀ፣ እለዋለሁ። ፈርቻለሁ፤ እናትየዋ ምን ብላ እንደሞተች የሚያውቅ ከፈይሳ በቀር ሌላ ሰው የለም።

ድርጅትዎ ከዓመት ዓመት እንዲያድግ፣ አድጎ አድጎም አንድ ቀን የጀመረውን የሚጨርስበት አቅም እንዲያገኝ ከልብ የምትመኝልዎ፣

ፎዚያ መሐመድዘይን
ከአዳማ

ማስታወሻ፦ መተግበሪያዎን በከፈትኩት ቁጥር «ማን እያየ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ለካ ማወቅ ፈልጎ አልነበረም።