ወፍጯችንን ልግዛ ላሉት ሰው

ገዘር፣ ግንቦት 17 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ አቶ ዓባይነህ፣

መንግሥት እጁን ሲያነሳ ማኅበር ብቻውን ይቆማል ወይ? ከመጋቢት ወዲህ ይህን ያልጠየቀ ሰው በገዘርም በጂንካም አላገኘሁም። ገበያ ላይ ይጠየቃል፣ ለቅሶ ቤት ይጠየቃል፣ ከጸሎት በኋላም ይጠየቃል። እርስዎ ደግሞ ከአርባ ምንጭ በላኩልኝ ደብዳቤ ጠይቀው እዚያው መልሰውታል፦ አይቆምም፤ ስለዚህ ሞተሩ ዝጎ ሳያልቅ እኔ ልግዛው፤ አባላቱን አግባቢልኝ፤ ላንቺም በመጋዘኔ ሥራ አዘጋጅቼልሻለሁ።

«ውድ ጓድ» ብዬ ልጀምር ነበር። የፖስታውን ጀርባ ሳየው «አቶ ዓባይነህ፣ የእህል ነጋዴ» ይላል። በስብሰባ ላይ ተሳስቶ «አቶ» ብሎ የጠራዎትን ሽማግሌ እንዴት እንዳፈጠጡበት አልረሳሁም። ሰው ይህን ሁሉ ዓመት የኖረበትን ስም እንደ ሸሚዝ አውልቆ ሊሰቅለው እንደሚችል አላውቅም ነበር። ኮሌጅ አላስተማሩንም።

መልሴ ሦስት ሳምንት የዘገየው ቸል ብዬ አይደለም። ሥራ ላይ ነበርኩ። እንዳልዋሽዎት ደግሞ፣ ስለ እርስዎ ከመጻፌ በፊት ስለ ራሴ የማምነው ነገር ስለነበረኝ ነው።

የጂንካው የማኅበራት ቢሮ ኃላፊ ሳሉ፣ ሁለት ዓመት አስተርጓሚዎ ነበርኩ። ሠርተፊኬቴን በፌስታል ጠቅልዬ ገዘር የደረስኩ ቀን፣ የጂንካ ልጅ መሆኔንና አሪኛ ከእናቴ መውሰዴን ሲሰሙ ደስ አለዎት። ከዚያ ወዲህ እርስዎ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ በአሪኛ እመልሳለሁ። የማያውቁት ነገር ቢኖር ንግግርዎን እያሻሻልኩ መመለሴን ነው። እርስዎ «የምርት ኃይሎች ዕድገት» ሲሉ እኔ «ሚስትህ ድንጋይ ላይ ተደፍታ አትፈጭም» እላለሁ። ገበሬው የሚያጨበጭበው ለዚህኛው ነበር። እርስዎ ግን ጭብጨባው የእርስዎ መስሎዎት መነጽርዎን አውልቀው ይወለውሉ ነበር። አፈቅርዎት ነበር ለማለት ምንም አልቀረኝም፤ እግዚአብሔር ጠበቀኝ።

አሁን ስለ ሻንቆ ላንሳ። ብረት ሠሪውን ሻንቆን ያስታውሱታል፤ የወረዳው ማረሻ ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል። አባል ልሁን ብሎ የመጣበትን ቀን ግን የረሱት ይመስለኛል። ያን ቀን ጠዋት «በአራሽና በቀጥቃጭ መካከል ልዩነት የለም» ብለው ተናግረዋል። እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት። ከሰዓት ሻንቆ ቃሉን አምኖ መጣ። እንደ ልማዱም ከደጃፍ ቆመ። የአገሬውን ደንብ ያውቁታል፦ አራሽ ከብረት ሠሪ ጋር በአንድ ቅል አይጠጣም። የቡና ቅጠል ሲፈላ ለሁሉም በቅል ይዞራል፤ ለሻንቆ ግን የእንሰት ቅጠል ታጥፎ፣ ከላይ ይንቆረቆርለታል፣ ውጭ ቆሞ ጠጥቶ ቅጠሉን ይጥላል። እርስዎ በአማርኛ ዝቅ አድርገው «ገበሬው ይከፋዋል፤ ወደፊት ይታያል ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። ቅጠሉ ላይ የቀዳሁለትም እኔ ነኝ። በእርስዎ ብቻ ላሳብብ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የእኔ እጅ ነው እንጂ የእርስዎ አልነበረም።

ከዚያ ቅይጥ ኢኮኖሚ መጣ። በሬዲዮ በሰማን በሁለተኛው ሳምንት ሰርኩላሩን ይዘው ብቅ አሉ። ለዓመታት «ማኅበሩን የነካ አብዮቱን ነካ» ሲሉ በነበረው አፍዎ «የፈለገ ይካፈል» አሉ። ጋሽ ፈለቀ፣ ሊቀ መንበራችን፣ መሬቱ ይከፈል፣ በሬውም ይከፈል፣ ወፍጮው ግን እንዴት ይከፈላል ብሎ ጠየቀ። እርስዎ ሰዓትዎን እያዩ «እኩል ተካፈሉ ነው የተባለው» አሉና ዕጣ አስወጡ። ለአንዱ የላይኛው ድንጋይ፣ ለሌላው የታችኛው፣ ለአንዷ መበለት እህል የሚፈስበት ቆርቆሮ። ሞተሩንና ድንጋዩን የሚያያይዘው ቺንጋ ለዳርጌና ለወንድሙ በጋራ ደረሰ፤ እነሱም እኩል እንዲሆን በቢላ ለሁለት ቆረጡት። እርስዎ ከጎናቸው ቆመው ነበር። ሞተሩን ከሲሚንቶው መንቀል ስላልተቻለ ብቻ ባለበት ቀረ። ሞተሩ የሚነሳበት ማኒቬላ ከጭነት መኪናዎ ጋር ሄደ ይላሉ፤ እኔ አላየሁም፣ ያላየሁትን አልመሰክርም።

ዛሬ አንዳንድ ሰው «ዓባይነህ ሞተሩን በርካሽ ሊወስድ አስቦ ነው ያስበተነው» ይላል። እኔ ተከላክዬልዎታለሁ። ያን ያህል አርቀው የሚያስቡ ሰው አይደሉም አልኳቸው።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ያለውን ሚያዝያ ቢያዩት! የወፍጮ ቤቱ በር ክፍት፣ ዶሮ ሞተሩ ላይ ትተኛለች። ሴቱ ሁሉ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፤ አቅም ያላት ጤፏን ተሸክማ ጂንካ ወርዳ፣ ከግል ወፍጮ ተሰልፋ፣ ዳገቱን ይዛ ትመለሳለች። የዳርጌ ሚስት ከበቡሽ ስድስት ወር እርጉዝ ናት። አንድ ቀን ከጂንካ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋትና ልሸከምልሽ ብላት «ተዪው፤ ዕድገት ነው የተሸከምኩት» አለችኝ። ሳቋ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳቅ አልነበረም። ሚስትህ ድንጋይ ላይ አትደፋም ብዬ በአፌ የማልኩላቸው እኔ ነኝ። ወፍጮው ካልተነሳ በዚህ አገር ማንም ሴት ሁለተኛ አታምነኝም፤ እኔም ራሴን አላምንም።

ጂንካ ቢሮ ሄድኩ። የእርስዎን ወንበር የወረሱት ሰውዬ ጎበዝ ተማሪዎ ናቸው። ለመለዋወጫ በጀት የለም፣ ለናፍጣ ኮታ የለም፣ «የእናንተ ፋይል ተዘግቷል፤ ራሳችሁን ቻሉ ተብላችኋል» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ራሳችሁን ቻሉ የሚለው ቃል ከእነሱ አፍ ስድብ ነው እንጂ ክፉ ቃል አይደለም።

ቤት ለቤት ዞርኩ። ድንጋዮቹ ተገኙ፤ አንዱ የበር መረገጫ ሆኖ ነበር። መበለቲቱ ቆርቆሮውን ከዶሮ ቤቷ ላይ ነቅላ ራሷ አመጣችው። ዳርጌ ብቻ እምቢ አለ። ግማሹን ቺንጋ ሸንሽኖ ለሞፈሩ ማሰሪያ ምራን ሊያደርገው ፈልጓል። ድርሻዬ ነው፣ በመንግሥት ሰው ፊት በዕጣ የደረሰኝ ነው አለ። ከበቡሽ ከጓዳ ወጥታ የጤፉን ቁና ፊቱ አስቀመጠች።

«ድርሻህ ከሆነ በል ፍጭበት፤ እኔ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ» አለችው።

ቺንጋውን እሷው ራሷ አቀበለችኝ። ዳርጌ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

ሁለት ቁራጭ ግን ቺንጋ አይሆንም። አዲስ ከየት ይምጣ? ያለ ማኒቬላስ ሞተሩ በምን ይነሳ? ይህን የሚሠራ አንድ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስሙን ለመጥራት ግን ሳምንት ፈጀብን። ሄድኩ። ሻንቆ ቺንጋውን አገላብጦ አየ፣ ጫፍና ጫፉን ገጠመ፣ በብረት ጥርስ እሰፋዋለሁ አለ። ማኒቬላውንም እቀጠቅጣለሁ አለ። ምን እንክፈልህ ስለው ወናፉን ማናፋቱን አላቆመም።

«ያኔ ወደፊት ይታያል ብለሽ ጽፈሻል» አለኝ። «ወደፊቱ መቼ ነው?»

ጥያቄውን፣ አባልነቱንም የጋራውን ቅልም፣ ለጉባኤው አቀረብኩ። ያን ቀን እኔም ተናገርኩ፤ በቅጠል የቀዳሁለት፣ መዝገቡ ላይም የጻፍኩት እኔ መሆኔን በአሪኛ ነገርኳቸው፤ በዚያ ቋንቋ የራሴን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ጋሽ ፈለቀ ተነሳ። ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግታ በየጓዳው ስንጸልይ በነበረበት ዘመን ጸሎቱን የሚመራ እሱ ነበር፤ ሻንቆም ያኔ ከደጅ ቆሞ «አሜን» ይል ነበር። ጋሽ ፈለቀ አባቶቻችን ያላደረጉትን አታስደርጊን፣ ወፍጮው ይቅርብን፣ ልማዳችን ግን አይሰበር አለ። ጥቂት ሽማግሌዎች ልክ ነው አሉ። ከኋላ የከበቡሽ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ማረሻዎት በእሱ እጅ ይሠራል። በማረሻው አርሰው ይበላሉ። እጁ ከማረሻው እስከ አፍዎ ደርሷል፤ ቅሉ ላይ ሲደርስ ነው የሚረክሰው?»

ጋሽ ፈለቀ ቅሉን አነሳ፣ ከደጃፍ ለቆመው ለሻንቆ ሰጠው። ሻንቆ ጠጣ። ጋሽ ፈለቀ መልሶ ተቀበለውና፣ እንደ መራራ መድኃኒት ዓይኑን ጨፍኖ፣ የቀረውን ጨለጠው። ቆንጆ ነበር ብዬ አልዋሽዎትም። ከንፈሩን በጋቢው ጠርጓል፤ ዳርጌና ስድስት አባወራ ጥለው ወጥተዋል። ግን ተጠጣ። ስሙንም ጻፍኩ፤ በቀለም፣ ከነአባቱ።

ሞተሩ በአምስተኛው ሙከራ ተነሳ። ቺንጋው ዞሮ የብረት ጥርሱ መዘውሩ ላይ በደረሰ ቁጥር «ቋ» ይላል፤ ከሩቅ ሲሰሙት የሚያነክስ ሰው ይመስላል። ያነክስ፤ ይፈጫል። ናፍጣውን በኮረሪማ ነው የምንገዛው። እርስዎ በነበሩበት ዘመን እህሉን በተቆረጠልን ዋጋ አስረክበን፣ ኮረሪማውን ማንም ዘወር ብሎ አያየውም ነበር። አሁን ሴቶቹ ያዋጣሉ፣ እስከ ወይጦ መንገድ ወርደን ለመኪና ነጋዴዎች እንሸጣለን፣ በርሜሉን ይዘን እንመለሳለን። ነጋዴ ሆንን ማለት ነው፣ አቶ ዓባይነህ። ልዩነታችን አንድ ነው፦ እኛ ለመነገድ ማንንም መበተን አላስፈለገንም።

እንግዲህ ደብዳቤዎ። ሊደብቁት ብለው «ለአንቺ ብቻ» ብለው አስምረውበታል። ለጉባኤው አነበብኩት። ስለ መጋዘኑ ሥራ የጻፉትንም አላስቀረሁም፤ ሴቶቹ ደመወዙን ሰምተው እልል አሉ። ለእኔ ደስ ብሏቸው እንዳይመስልዎት። እውነቱን ለመናገር ግን ወረቀቱን ሁለት ቀን ትራሴ ሥር አሳድሬዋለሁ። ሀያ አራት ዓመቴ ነው፤ ከተማ እወዳለሁ፣ ጭቃ ሰልችቶኛል፣ ደመወዜ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። ሄጄ ቢሆን ኖሮ አሁን የእርስዎን ከረጢት እየቆጠርኩ፣ ምናልባትም ንግግርዎን ለተሸካሚዎች እያሻሻልኩ እውል ነበር። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ነገሩ ግን አላለቀም። ዳርጌና ጓደኞቹ ለዓባይነህ ይሸጥና ገንዘቡን እንካፈል እያሉ ነው፤ ጋሽ ፈለቀም ቢደክመው ዝም ማለት ጀምሯል። ሰኔ 2፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወፍጮው ይሸጥ አይሸጥ በድምፅ ይወሰናል። ቆጥሬዋለሁ፤ ሚዛኑ እኩል ነው። በዚያ ቀን ብንሸነፍ ከበቡሽ በሰባት ወሯ ዳገቱን ትወጣለች።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። በሰው አያስጠይቁ፣ በደብዳቤም አያግባቡ፤ ራስዎ ይምጡ። መብትዎ ነው። መዝገቡን ስገልጥ ምን እንዳገኘሁ ያውቃሉ? በመካፈያው ዕለት፣ ከዕጣው ድርሻ እንዳይቀርብዎት፣ ራስዎን አባል ብለው አስመዝግበዋል፤ በራስዎ እጅ ጽሑፍ። አልሰረዝኩዎትም። ደንብ ደንብ ነው፤ አባል የሆነ ሁሉ ይመርጣል። አስተርጓሚ ግን አልሆንዎትም፤ የሚሉትን፣ ይሸጥ ቢሉም፣ በከበቡሽ ፊት ቆመው ራስዎ ያስረዱ። ቦታዎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ከሻንቆ ጎን። የእርስዎ ድምፅ አንድ ነው፣ የሱም አንድ ነው።

ከመጡ ቀድመው ያስታውቁኝ። ከቀሩም ይጻፉልኝ፤ ያኔ ስምዎ አጠገብ ምን ብዬ እንደምጽፍ አውቃለሁ።

ጤናዬ
የገዘር አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ