ከዚሩ ሥር ያለው አፈር

ጥር 4
ሱቅ፣ ዶካ ገበያ ስሸጥ ዋልሁ። ባሚያው አለቀ፣ ቲማቲሙ ተረፈ። ስመለስ የጎረቤታችን የአሊ ልጅ ዩስራ ደጅ ቆማ። ከልጄ ከዓለምነው ጋር ያደገች፣ አማርኛም ከእሱ የለቀመች። አሁን ገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።
«ኻልቲ እናኑ፣ ትንሽ አፈር ስጭኝ። ለትምህርቴ ነው።» ኻልቲ ስትል በዐረብኛዋ አክስቴ ማለቷ ነው።
«የምን አፈር?»
«ዓለምነው እግሩን ይታጠብበት ከነበረው።»
ክው አልሁ። ሰሊጥ ሲያጭድ ማጭድ እግሩን ቆረጠው፤ መገለ፤ መድኃኒቱ እንቢ አለ፤ ኅዳር ላይ ሞተብኝ። የተቀበረው ገዳሪፍ... እዚህ የቀረችኝ ከዚሩ፣ ከውሃው ጋን ሥር ያለችው፣ ይታጠብባት የነበረች እርጥብ ቦታ ናት። በእሾህ አጥሬያታለሁ።
«ወደ ቤትሽ ሂጅ» አልኋት። ከፋሁ ይሆን?

ጥር 6
እንደገና መጣች። ቁስል የሚያመግል ጀርም አለ፤ ያን ጀርም የሚበላ ቫይረስ ደግሞ አፈር ውስጥ አለ አለች። ጀርሙ በነበረበት ነው የሚፈለግ።
«እንደ ኮሮና?»
«ላ፣ ላ! አይደለም፣ ሰው አይነካም።»
«ቅማል ላይ ቅማል በይኛ!»
ሳቀች። እኔም... ከኅዳር ወዲህ መጀመሪያየ። እሽ፣ ነገ እኔው አዘጋጅልሻለሁ አልሁ።

ጥር 7
እጄን በእሾሁ መሃል አሹልኬ ከላይ ከላዩ አንድ ጣሳ ዘገንሁ። ለሰው ቆሻሻ ይሰጣል? ገለባውን ለቀምሁ፣ በወንፊት ነፋሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ሰሊጥ መሰለ።

ጥር 20
ምንም አልተገኘም። ዩስራ አንገቷን ደፍታ መጣች። እንዴት እንዳዘጋጀሁት ነገርኋት።
«ወላሂ ኻልቲ! ሰው አፈር ያበጥራል?»
ፀሐዩ ቫይረሶቹን ሳይፈጃቸው አልቀረም አለች። አባቷ ከአጥር ማዶ ሰምቶ «እናኑ፣ የኛንም ግቢ ነይ አበጥሪልን!» ይላል።
እርጥቡን ነው የምትፈልግ። ከሥሩ፣ ከነቆሻሻው። እሾሁ ተነሥቶ ይቆፈር ማለቷ ነው።

ጥር 21
እሾሁን አላነሣሁም። ከተቆፈረ ምን ይቀረኛል?

ጥር 24
አነሣሁ። አጥሬ ብይዘው ለማን ይበጃል? ዩስራ በማንኪያ ስትቆፍር ፊቴን አዞርሁ። ኋላ አየሁት... ጥቁር አፈር ብቻ። ምን አገኛለሁ ብየ ነበር?

የካቲት 15
ተገኘ! በስልኳ አሳየችኝ። ሳህን ላይ ጀርሙ እንደ ስስ ቅባት ተለቅልቋል፤ መሃል መሃሉ ጥርት ያለ ነጠብጣብ። «እዚህ እዚህ ጋ በልቶታል።»
እልል ማለት ሲገባኝ ተቆጣሁ።
«እግሩ ሥር ነበራ! እዚያው እያለ ሞተ?»
«ነበር ኻልቲ። የሚያውቅ አልነበረም።»
መድኃኒት ይሆናል? «ገና ነው። ላይሆንም ይችላል» አለች። አልዋሸችኝም።
ለቫይረሱ ስም የሚያወጣለት ያገኘው ሰው ነው አሉ። «ዓለምነው ልበለው?»
«ተይ። የልጄ ስም ለልጄ። ዶካ በይው፤ የዚህ አፈር ነው።»
አቀፈችኝ። አለቀስን።

መጋቢት 3
ዩስራ ጀርም የበዛበት ሌላም አፈር ትፈልጋለች። ዛሬ ከሱቅ ስመለስ ከአህዮች ማሠሪያው ጭቃ ስዘግን ቲማቲም ሻጯ ትርፌ አየችኝ።
«አንች፣ ምን ነካሽ? የአህያ ሽንት?»
«መድኃኒት ፍለጋ።»
«ለማን?»
«ነገ እግሩ ለሚቆስል።»
ዘንቢሏን አወረደች።
«ይሄ ምን አለው፣ የኔ ግቢ ይብሳል። ነይ።»